ከማን ወሰድሽው?

ሚያዝያ 9

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ እላለሁ። ክፉ አይንካሽ፤ የስፌት መኪናሽ አይሰበርብሽ፤ ደንበኞችሽም ሳይነዘንዙሽ ልብሳቸውን ይውሰዱ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አንዱን ብቻ ስመሽ «አድርሻለሁ» እንዳትዪኝ፣ አውቅሻለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ዓይኔ ነው። የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኞቹን ሁሉ ለምርመራ ልኮን ነበር። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስንተኩስ እንፋሎቱ ዓይናችንን ይለበልበዋል፣ መነጽር ይሰጡኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሐኪሟ ዓይኔን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ከዚያ ወንበሯን ወደኔ ሳብ አደረገችና «ከቤተሰብሽ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?» አለችኝ። «እናቴ» አልኳት። የዓይኔ ግፊት ከፍ ብሏል እትዬ። የእማዬ በሽታ ነው፣ ያው ራሱ፤ ሳያምም ሳያሳክክ ከዳር እየበላ የሚመጣው።

ግን አትደንግጪ፣ በጊዜ ተገኝቷል። ባለፈው ሳምንት ሌዘር የሚሉትን ጨረር አደረጉልኝ። ሰው ሲያወራው እንደሚያስፈራው አይደለም። ምላጭ የለም፣ መርፌ የለም። መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ጠብታ ጨመሩልኝ። ከዚያ አገጬን ማሽኑ ላይ አስደግፌ፣ ግንባሬን ማሰሪያው ላይ ለጥፌ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ዝልግልግ ነገር የተቀባ ትንሽ መስተዋት ዓይኔ ላይ ስለገጠመች መጨፈን ብፈልግም አልችልም። ብርሃኑ ብልጭ ሲል ማሽኑ ቀጭ ይላል፣ ብልጭ ሲል ቀጭ ይላል። ዓይን ውስጥ ውሃ አለ፤ የሚወጣበት ቀጭን ወንፊትም አለው፤ የኔ ወንፊት ደፈን ስላለ ጨረሩ እሱን ነው የሚያነቃቃው አሉኝ። አንቺ አንድ ዚፕ ቀይረሽ እስክትጨርሺ ድረስ እንኳ አልቆየም።

ከዚያ ግፊቱን እንደገና እስኪለኩ ውጭ አስቀመጡኝ። ከጎኔ የነበሩት ሁሉ አንድ አንድ ሰው ይዘው መጥተዋል። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ነርሷ ማን እንደሚወስደኝ ስትጠይቀኝ ታች ይጠብቁኛል አልኳት። ታች ማንም አልነበረም።

አንቺስ እድለኛ ነሽ እትዬ። ከእማዬ ሆድ ስላልወጣሽ ይሄ ነገር አያገኝሽም። እኔ ግን አፍንጫዋንም ዓይኗንም ይዤ ቀረሁ። የጠየቅሽኝን የጨርቅ መቀስ በአንዲት መንገደኛ እጅ ልኬልሻለሁ፣ ደህና አድርጎ ይቆርጣል ብለውኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስለ ዓይኔ ለእማዬ አትንገሪያት።

እህትሽ ሙጫ


ግንቦት 20

ለእህቴ ለሙጫ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለዓይንሽ ምሕረቱን ያውርድልሽ፣ እንጀራሽንም ያቅናልሽ። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት።

መቀሱ መጥቷል፣ ይቆርጣል።

ለእማዬ አትንገሪያት ያልሽው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ደብዳቤ የማነብላት ከላይ ወደ ታች ነው፤ እዚያ ስደርስ ነገሩ አልፎ ነበር። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ምስጢር ሲኖርሽ ከላይ አድርጊው።

እናትሽ ምን እንደሆነች ልንገርሽ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ፊደሉ በጣት የሚነበብ ይመስል ትዳብሰው ጀመር። «ልጄ ዓይኔን ወሰደችው» አለች፣ «የኔ ልጅ ዓይኔን ወሰደችው»። ምሳዋን ሳትቀምስ ዋለች። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣችው አስተማሪ፣ ልታጽናናት መጥታ፣ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ድሮም እሷ ቁርጥ አንቺን ናት» አለቻት። እኔ እዚያው አጠገባቸው ወለል ላይ ተንበርክኬ የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ በስፒል እይዝ ነበር። ማንን እንደምመስል የጠየቀ የለም።

እድለኛ ነሽ ብለሽ ጽፈሽልኛል። እሺ፣ እድሌን ስሚው። ጠዋት ፊቷን የማስታጥባት እኔ ነኝ። የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ፤ ስቆልፍላት ታዲያ አገጯን ቀና አድርጋ «ይሄኔ ልጄ ሥራ ገብታለች» ትላለች። የት ሄደሽ ነው ብላ የምትቆጣኝ እኔን፣ መቼ ትመጣለች ብላ የምትናፍቀው አንቺን። ሕፃን ሳለሽ ከጭኗ አልላቀቅ ስላልሽ ነበር ሙጫ ያልንሽ። ሙጫዋ ባሕር ተሻገረች፣ እኔ ስም ያልወጣልኝ እዚህ ተጣብቄ ቀረሁ።

አባታችን እጄን ይዞ ወደዚህ ቤት ሲያስገባኝ የወተት ጥርሴ ገና መውለቅ መጀመሩ ነበር፤ አንቺ አልተወለድሽም። አንቺ ስትመጪ አፍንጫዋ ላንቺ ሆነ፣ ሳቋ ላንቺ ሆነ፣ ረጅሙ ጣቷ ላንቺ ሆነ። ይሁን ብዬ ኖርኩ። አሁን ደግሞ በሽታዋ። እየሳቅሽ እንደሆነ ይታየኛል። ሰው በበሽታ ይቀናል ወይ ትዪኝ ይሆናል። እኔ ቀንቻለሁ፣ አላፍርበትም። አስተማሪዋ ቁርጥ አንቺን ናት ስትል እናትሽ እንባዋ እየወረደ ፈገግ ስትል አይቻለሁ፤ ያን ፈገግታ እንኳን ምሳዋን አብስዬ፣ ዓይኔን አውጥቼ ብሰጣት አላገኘውም።

ምርመራ ሂጂ እንዳላልሽኝ ደስ ብሎኛል። ራስሽ ተናግረሽዋል፣ ከሆዷ አልወጣሁም። ከማን ላምጣው?

በቤቱ ሁሉ ሰላም ነው።

እህትሽ


ሐምሌ 18

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ዘገየሁብሽ። ያዘገየኝ ዓይኔ አይደለም፣ ንዴቴ ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩት። እኔ በሰው አገር ከመኝታዬ ስነሳ አንድ ዓይኔን እየከደንኩ ግድግዳውን የማየው አንሶ፣ እማዬ ምሳ እንደማትበላ እያሰብኩ ልተኩስ? ከላይ ወደ ታች ነው የማነብላት ትዪኛለሽ። እትዬ፣ አንቺ እኮ ደብዳቤ ስትከፍቺ መጀመሪያ መጨረሻውን ነው የምታዪው፤ ዕቃ ልኬ እንደሆነ ለማወቅ። ይሄን ልማድሽን አብሬሽ ያደግኩት እኔ አላውቀውም?

ይሁን፣ አንዴ ሆኗል። ቅናት ካነሳሽ ግን የኔንም ስሚ። አፍንጫዋ አለኝ፣ አዎ፤ መስተዋት ፊት ስቆም አየዋለሁ። እጇን ግን ከያዝኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ? እዚህ የማላውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ ስዘረጋ፣ አንቺ የእማዬን አንሶላ እየዘረጋሽ ነው። እሷ ስትቆጣ ማንን ነው የምትቆጣው? አንቺን። የሚቆጣኝ ሰው ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። እኔን ትናፍቃለች ትያለሽ፣ የሚናፈቅ ሰው እኮ እዚያ የሌለ ሰው ነው። ቀሚሷን ስትቆልፊ ትንፋሿ ግንባርሽ ላይ ያርፋል። እኔ ያን አስቤ የተኮስኩትን አንሶላ አሳርሬ ተቆጥተውኛል።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርሽ፣ ላንቺም ስል ከላይ ማድረግ ነበረብኝ። ለክትትል ስሄድ ስላንቺ ለሐኪሟ አነሳሁላት። እህቴ ከእናቴ ስላልተወለደች አያሰጋትም አይደል አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የታመመ ዘመድ ያለው ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ እንላለን እንጂ፣ ዘመድ የሌለውን አይነካም አላልንም አለችኝ። ዕድሜ ብቻውን ሊያመጣው ይችላል፤ ደግሞ የወላጅ እናትሽን ዘር አታውቂም፣ ልጅ ሆነሽ ነው ያጣሻት። እድለኛ ነሽ ያልኩትን አንሺልኝ። አፌ ነው የቀደመኝ።

ሂጂና ተለኪ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ሙጫ


ነሐሴ 30

ለእህቴ፣

ሰላም ነሽ ወይ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፣ ምሳዋንም ራቷንም ትበላለች።

የተማሪ ዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ ሐኪም ቤት የምመላለስበት ጊዜ የለኝም። ዓይኔ ደህና ነው። ቀጭኑን መርፌ አንስቼ ክሩን በአንዴ አስገባለሁ፣ ምራቅ እንኳ አላስነካውም። ከእኔ በዕድሜ የምታንሰው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ሦስቴ ሞክራ እኔ ጋ ነው ይዛ የምትመጣው። እንዲህ የምታይ ሴት ዓይኗ ምን ይሆናል?

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ሰው ዕቃዬን ከቦታው እያነሳ ያስቀምጥብኛል። በግራዬ ያኖርኩት የክር ጥቅል ክንዴ ሲነካው ይወድቃል፣ እዚያ ማን እንዳስጠጋው አላውቅም። የመካከለኛው በር መቃንም ትከሻዬን አቆሰለው፤ ቤቱ አርጅቶ ሳይጣመም አይቀርም። ፊት ለፊታችን ያለችው ባለሱቅ ደግሞ በጎኔ ቆማ ሰላም ስትለኝ ዝም አልኳት አሉ። እህቷ ውጭ አገር ስላለች ኮራች ብላ አስወርታብኛለች። ላንቺ ክብር እንኳ የምታማው እኔን ነው።

ሌላ ዕቃ አትላኪ። ምንም አያስፈልገኝም።

እህትሽ


መስከረም 14

እትዬ፣

ሰላምታው ይቆይልኝ፣ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ነው የምጽፍልሽ።

መርፌውን የምታዪው በዓይንሽ መሀል ነው። በሽታው የሚጀምረው ከዳር ነው። እማዬ እኮ እኛ ሳናውቅ ዓይኗ እየሄደ ሳለ ቁልፍ ትተክልልን ነበር፣ ትዝ አይልሽም? ክሩን ታስገባና ከወንበሩ ስትነሳ በሩን ትገጫለች። በሩን ነበር የምትሳደበው። አንቺም አሁን በሩን እየተሳደብሽ ነው።

ለኔ ብለሽ ካልሄድሽ ለእልህ ሂጂ። ሙጫ ተሳስታለች ብለሽ ጻፊልኝ፣ ደስ እያለኝ አነበዋለሁ።

ይሄን ደብዳቤ ለእማዬ አንብቢላት። ከላይ እስከ ታች።

ሙጫ


ኅዳር 22

ለእህቴ ለሙጫ፣

በያለሽበት ፈጣሪ ይጠብቅሽ፣ የምትረግጪው መሬት ይመችሽ፣ በእጅሽ የያዝሽው ይባረክልሽ። ይሄን ሁሉ የመረቅኩሽ ደብዳቤው ረጅም ስለሚሆን ነው።

እልህ ይዞኝ አነበብኩላት፣ ከላይ እስከ ታች። እማዬ አላለቀሰችም። ወረቀቱንም አልዳበሰችውም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ያቺን በርጩማ በቀን ስንቴ ነው የምትመቺያት?» አለችኝ።

የቱን በርጩማ አልኩ። ከመኪናሽ በስተግራ ያለውን አለችኝ። ለካ ስትሰማ ነው የኖረችው። በሩን ስገጭ፣ ጥቅሉ ወድቆ ሲንከባለል፣ እኔ ደግሞ ማነው ያስጠጋው እያልኩ ስጮህ። ማታ ማታ መተላለፊያው ላይ ስሄድ በእጄ ግድግዳ እየዳበስኩ እንደሆነ እኔ ራሴ አላወቅኩም ነበር፣ እሷ ግን ጥፍሬ ግድግዳውን ሲጭር ትሰማ ነበር። «እኔንም እንዲህ ነው የጀመረኝ» አለችኝና ጫማዋን እንዳዘጋጅላት አዘዘችኝ። አብረን ሐኪም ቤት ልንሄድ ነው ማለት ነው። አይሆንም፣ ሰው ይገፋሻል፣ ደረጃ አለው ብላት እኔን ትታ ከበርጩማው ጋር እያወራች ጫማዋን ፍለጋ ጎንበስ አለች።

እዚያ ያደረጉኝን ታውቂዋለሽ። ዋንጫ የመሰለ ነጭ ነገር ውስጥ አገጬን አስገብቼ፣ ትንንሽ ብርሃን ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ካንቺ ላንስ አልፈለግኩም። ብርሃኑ መጣ አልመጣ የስፌት ፔዳል እንደምረግጥ ቀጥ አድርጌ እየተጫንኩ ቀጠልኩ። ሲያልቅ ነርሱ ወረቀቱን አየና «እትዬ፣ የሌለውንም አይተዋል» አለኝ። አፍሬ እንደገና ተቀመጥኩ። በሁለተኛው በእውነት ያየሁትን ብቻ ተጫንኩ። ጣቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቁጭ ሲል ያኔ ገባኝ።

ግፊቱ በሁለቱም ዓይኔ ነው። የግራው ዳሩ ሄዷል፣ አይመለስም አሉኝ። የቀረውን ለማቆየት ጨረሩን እንሠራለን አሉ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ከቤተሰብ ይሄ ያለበት አለ ወይ ሲለኝ መልሱን አስቤ አልነበረም የገባሁት። አፌ ላይ የመጣው «እናቴ» የሚል ነው። «እዚያ ውጭ ወንበር ላይ ያለችው፣ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ያደረገችው» አልኩት። በሩን ከፍቶ አያትና ተመለሰ። እንግዲያው ከሳቸው ነው አለኝ። አላረምኩትም።

ጨረሩ የተሠራልኝ ቀንም አብራኝ ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ታካሚ ብቻ ነው የሚገባው አሏት። «እኔ እንደሆንኩ አላይ፣ ምናችሁን እሰልልባችኋለሁ» አለቻቸው። ነርሱ ሳቀና ወንበር አመጣላት። አገጬን አስደገፍኩ፣ ሐኪሙ መስተዋቱን ገጠመብኝ፣ እንዳልሽው መጨፈን የለም። ብልጭ ሲል ቀጭ፣ ብልጭ ሲል ቀጭ። በየቀጭታው እጄን ጨበጥ ታደርገኛለች። ያማል ወይ ብላ ደጋግማ ስትጠይቀኝ ሐኪሙ፣ እማማ፣ ሲያወሩ ጭንቅላታቸው ይነቃነቅብኛል ብሎ ለመናት። ከዚያ በኋላ ዝም አለች፣ እጄን ግን አልለቀቀችኝም።

አውቶብስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ነገሩ ከነከነኝ። ሐኪሙ ከሳቸው ነው ያለውን እሷም ሰምታለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይቅርታ ትለምነኛለች፤ ክፉ ነገር ሰጠሁሽ፣ ሌላ የማወርሰው አጥቼ ነው እያለች። ሳትበድል ይቅርታ ስትለምን መስማት አልቻልኩም።

«እማዬ» አልኳት፣ «እኔ እኮ ካንቺ አልተወለድኩም።»

ፊቷን ወደኔ አዞረች። ስትቆጣ እንደምታደርገው ቅንድቧ ከፍ አለ።

«ታዲያ ከማን ወሰድሽው?» አለችኝ። «ሌላ ማን አለሽ?»

ፊቴን በመሀረብ ጠረግኩ። አጠገባችን ያለው ሰውዬ ሲያየኝ ጠብታ ነው አልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ብትታዘቢኝም ታዘቢኝ። ያን ዕለት ራት ሳትበላ አደረች። እኔን አስባ ነው። ብለምናት፣ ባጎርሳት፣ ከንፈሯን ገጥማ እምቢ አለችኝ። እኔም ሳህኑን ይዤ ማጀት ገባሁና ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ይቅር በዪኝ፣ ደስ አለኝ።

ምንም አትላኪ ያልኩትን ተዪው። እዚህ የታዘዘልኝ የዓይን ጠብታ ይጠፋል፤ ካገኘሽ በሰው እጅ ላኪልኝ። ደግሞ ንገሪኝ፣ ያንቺም በመጀመሪያው ሳምንት ብዥ ብሎብሽ ነበር ወይ?

እናቴ ሁለቱንም ጉንጭሽን ትስምሻለች።

እህትሽ


ጥር 6

ለእትዬ፣ ለእናቴ ልጅ፣

ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ። የቀረውን ዓይንሽን ያቆይልሽ። አዎ፣ እኔንም ብዥ ብሎብኝ ነበር፣ ይጠራል። ጠብታውን መቀሱን ባመጣችው መንገደኛ እጅ ልኬያለሁ። ሲከፈት ቀኑ አጭር ነው፣ አንዱን ሳትጨርሺ ሌላውን እንዳትከፍቺ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ማተኮሻው ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው። እልሃችንን ካነሳን አይቀር እውነቱን ልናገር። ቀናሁብሽ። መጀመሪያ ደነገጥኩልሽ፣ ከዚያ አለቀስኩልሽ፣ ከዚያ እጅሽን ይዛለች የሚለው ላይ ስደርስ ቀናሁ። ስለ ግራ ዓይንሽ ማዘን ሲገባኝ አንድ መስመር ደጋግሜ አነባለሁ። እኔ ያኔ የያዝኩት የወንበሩን ብረት ነበር። ታች ይጠብቁኛል ያልኳት ነርስ እስከ ዛሬ ሰላም ስትለኝ አፍራለሁ። ደግሞ እማዬ ለኔ ብላ የተወችው ምሳ ብቻ ነበር፣ ላንቺ ራት ተወችልሽ። ራት ከምሳ ይበልጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ በባዶ ሆድ ነው። እሱንም መዝኜዋለሁ፣ እንዳልመዘንኩ አታስቢ።

ለእማዬ ይሄን አንብቢላት፤ የምትዘዪው የለም። በርጩማውን ከመንገድሽ አንሺው። በሩ መቃን ላይ ነጭ ጨርቅ ለጥፊበት፣ በግራ በኩል። ባለሱቋንም ሄደሽ ንገሪያት፣ ኩራት አይደለም በዪያት።

ትናንት ለክትትል ሄጄ ነበር። ግፊቱ ወርዷል። ከመለካታቸው በፊት ያቺው ነርስ የሁልጊዜውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ከቤተሰብ ማን አለበት ብላ።

«እናቴና እህቴ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ባለፈው እናትሽን ብቻ ነበር ያልሽን።»

«አዎ» አልኳት፣ «እህቴንም ጨምሪ።»

ሙጫ